ተጠምተው ያልጠጡበት ጉድጓድ፦ ከአል-ሒጅር እስከ አል-ዑላ፣ የአንድ ቀን የሐጅ መንገድ

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም



በ726 ዓመተ ሒጅራ (1326 እ.ኤ.አ.) የሸዋል ወር ጨረቃ ስትታይ የሻም የሐጅ ቅፍለት ከደማስቆ ተነሳ። ከተጓዦቹ መካከል ከሞሮኮ፣ ከጣንጃ ከተማ የመጣ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ዓለም የሚያውቀው ኢብኑ በጡጣ በሚለው መጠሪያ ነው። ይህ ወጣት በኋላ ላይ ስንት አገር እንደዞረ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ዛሬ የምናወራው ግን ከዚያ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ስለ አንዲት ቀን መንገድ ብቻ ነው።

ያቺ ቀን ቅፍለቱ ከተቡክ ወዲህ ያለውን አስፈሪ በረሃ ካቋረጠ በኋላ የምትመጣ ናት። ሰውም እንስሳም ተጠምቷል። ከፊት ለፊት ጉድጓድ አለ፤ ውሃውም ብዙ ነው። ነገር ግን ማንም አይጠጣም። ኢብኑ በጡጣ ይህን በጉዞ መጽሐፉ ላይ አስፍሮታል። ጥማቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ከሑጃጆቹ አንድም ሰው ከዚያ ጉድጓድ እንደማይቀዳ ይነግረናል።

ለምን? ለቀናት በረሃ ያቋረጠ ሰው ውሃ እያየ እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል? መልሱ በዚያችው ቀን መንገድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እስቲ አብረን እንጓዝ።

◾ ወደ ሒጅር የሚያደርሰው በረሃ

የሻም የሐጅ መንገድ ከደማስቆ ተነስቶ በዛሬዋ ዮርዳኖስ በኩል ወደ ተቡክ፣ ከተቡክ ወደ አል-ሒጅርና አል-ዑላ፣ ከዚያም ወደ መዲና የሚያደርስ ነው። እስከ መዲና ያለው ርቀት 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በግመል 40 ቀን ገደማ ይፈጅ ነበር። ከሻም፣ ከቱርክ አገርና ከዚያም ራቅ ካሉ ቦታዎች የሚመጡ ሙስሊሞች ደማስቆ ላይ ተሰባስበው በአንድ አሚር ስር ይጓዛሉ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ወይ ውሃ ጥም ይገድለዋል፣ ወይ ሽፍታ ይዘርፈዋል።

ኢብኑ በጡጣ እንደሚተርከው ቅፍለቱ ተቡክ ሲደርስ አራት ቀን ያርፋል። ግመሎች ይጠጣሉ። ውሃ ቀጂዎች ከምንጩ ዳር ሰፍረው ትልልቅ የቆዳ ገንዳዎችን ይሞላሉ፤ በክፍያም የሰዉን የውሃ መያዣ ይሞሉለታል። ከዚያ በኋላ ቅፍለቱ ቀንና ሌሊት ሳይል ይገሰግሳል፤ ምክንያቱም በተቡክና በአል-ዑላ መካከል ያለው በረሃ የሚቀለድበት አይደለም።

በዚያ በረሃ መሐል አል-ኡኸይዲር የሚባል ሸለቆ አለ። ኢብኑ በጡጣ ስለ ሸለቆው አንድ ታሪክ ያነሳል። በአንድ ዓመት በሑጃጆች ላይ የሚያቃጥል ነፋስ ነፈሰባቸው፤ የያዙት ውሃም ደረቀ። የአንድ ጊዜ መጠጥ ውሃ ዋጋው አንድ ሺህ ዲናር ደረሰ። በመጨረሻም የሸጠውም የገዛውም አብረው ሞቱ። ይህም ታሪክ በሸለቆው ካሉት ቋጥኞች በአንዱ ላይ ተጽፎ ይገኝ ነበር ይላል።

ይህን ታሪክ በአእምሯችን እንያዘው። ወደ ሒጅር የሚመጣው ሰው ውሃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። ከተቡክ በተነሱ በአምስተኛው ቀን ከሒጅር ጉድጓድ ይደርሳሉ። እዚያም አይጠጡም።

◾ ውሃ መካፈል ያቃተው ሕዝብ

አል-ሒጅር በቁርኣን ውስጥ በስሙ አንድ ሱራ የተሰየመለት ቦታ ነው፤ 15ኛው ሱራ። የሠሙድ ሕዝቦችና የነቢያቸው የሷሊሕ (ዐ.ሰ) ታሪክም በሱረቱል አዕራፍ፣ በሁድ፣ በሹዐራእ፣ በነምል፣ በቀመርና በሸምስ ተደጋግሞ ተወስቷል። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ተራራ ጠርበው ቤት የሠሩ ሕዝቦች፣ ግመሏ፣ ከዚያም ጩኸቱ። ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር ግን አለ። እሱም ውሃው ነው።

ሠሙዶች ድሆች አልነበሩም። በሱረቱ-ሽ-ሹዐራእ እንደተነገረን አትክልትና ምንጮች፣ አዝመራና ፍሬው የለሰለሰ ተምር ነበራቸው። ከተራራም ቤቶችን በጥበብ ይጠርቡ ነበር። አላህ (ሱ.ወ) የላከላቸው ተኣምር፣ ግመሏ፣ ይዛ የመጣችው ፈተናም ከባድ አልነበረም። ውሃው በተራ እንዲሆን ታዘዙ፤ አንድ ቀን ለእርሷ፣ አንድ ቀን ለእነርሱ። በክፉም እንዳይነኳት ተነገራቸው። ሌላ ግብር አልተጠየቁም።

ይህችን ተራ መጠበቅ አልቻሉም። ከመካከላቸው አንዱ ተነስቶ ግመሏን ወጋት። ሱረቱል ቀመር እንደሚነግረን ግን ሰውየውን የጠሩት እነርሱው ናቸው። ስለዚህም ሱረቱ-ሽ-ሸምስ ድርጊቱን ለአንድ ሰው ብቻ ትታ አታልፍም፤ ሁሉም እንደወጉዋት አድርጋ ትናገራለች። እጁን ያነሳው አንድ ቢሆንም የወደደው፣ የላከው፣ አይቶም ዝም ያለው ሕዝብ ነበር። ሷሊሕም (ዐ.ሰ) በቤታቸው የሚቆዩበት ሦስት ቀን ብቻ እንደቀራቸው ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ የጠረቡት ተራራ አልጠቀማቸውም።

የሠሙድ ወንጀል በአላህ ማመፅ፣ መልክተኛውንም ማስተባበል ነው። ያ አመፅ በምን መልክ ወጣ ስንል ግን የምናገኘው የተሰጠን አደራ ማፍረስና ከሌላው ጋር ውሃ ተካፍሎ መጠጣትን እምቢ ማለት ነው። ተራራ መጥረብ የቻለ እጅ የአንዲት ግመልን ተራ መጠበቅ አቃተው።

◾ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ሲያልፉ

በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ (630 እ.ኤ.አ.) ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሠራዊታቸውን ይዘው ከመዲና ወደ ተቡክ ሲዘምቱ በአል-ሒጅር በኩል አለፉ። ያ ዘመቻ የተካሄደው በሙቀት ወቅት ነው፤ ስንቁም መጓጓዣውም አጥሮ ነበር። ለዚህም ነው ሠራዊቱ «ጀይሹል ዑስራ»፣ የችግር ጊዜ ሠራዊት ተብሎ የሚጠራው።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡት የዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሐዲሦች ሁለት ነገር ይነግሩናል። አንደኛው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እነዚያ ነፍሳቸውን የበደሉ ሰዎች መኖሪያ ውስጥ እያለቀሳችሁ ካልሆነ በስተቀር አትግቡ፣ በእነርሱ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ የሚል መልእክት አስተላለፉ። ከዚያም ራሳቸውን ሸፍነው፣ ፍጥነታቸውንም ጨምረው ሸለቆውን አቋረጡ።

ሁለተኛው የውሃው ነገር ነው። ሰሐቦች ከሒጅር ጉድጓዶች ቀድተው፣ በውሃውም ሊጥ አቡክተው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውሃውን እንዲደፉት፣ ሊጡንም ለግመሎች እንዲያበሉት አዘዙ። ከዚያም ግመሏ ትጠጣበት ከነበረው ጉድጓድ እንዲቀዱ ነገሯቸው።

ልብ ብለን እንየው። በችግር ጊዜ ላይ ያለ ሠራዊት ያቦካውን ሊጥ ተወ። ሊጡም አልተጣለም፤ ለእንስሳት ሆነ። ውሃም ፈጽሞ አልተከለከሉም፤ ከአንድ ጉድጓድ እንዲጠጡ ተፈቀደላቸው። የተፈቀደውም ያ ሠሙዶች ከግመሏ ጋር እንዲካፈሉት ታዘው እምቢ ያሉበት የውሃ ተራ የሚታወስበት ጉድጓድ ነው። የሐዲሡን ሕግጋት ሊቃውንት በፊቅህ መጻሕፍት ዘርዝረውታል። ለእኛ ለተራ አንባቢዎች ግን ይህ ብቻውን ብዙ የሚያስተነትን ነው። ወላሁ አዕለም።

እንግዲህ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከ700 ዓመት በኋላ እነ ኢብኑ በጡጣ ተጠምተው ያልጠጡት ለዚህ ነው። ጠባቂ ወታደር የለም፤ «መቅዳት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳም የለም። ያለው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ የተላለፈ አንድ ሐዲሥ ነው።

◾ በሁለቱ ተራሮች መካከል

ኢብኑ በጡጣ በሁለት ተራሮች መካከል የሷሊሕ (ዐ.ሰ) ግመል የተንበረከከችበት የሚባል ስፍራ እንዳለ፣ በዚያም ሰዎች የሚሰግዱበት የመስጂድ ፍራሽ እንደነበረ ጽፏል። በኋለኞቹ ዘመናት በዚህ ጠባብ መተላለፊያ አካባቢ አንድ ልማድ መጣ። ግመሎቻችን የዚያችን ግመል ድምፅ ሰምተው ይንበረከኩብናል፣ አንነሳምም ይላሉ ብለው የሚፈሩ ተጓዦች እየጮሁና ጥይት እየተኮሱ ያልፉ ነበር። ይህ በሐዲሥ ያልመጣ የመንገደኞች ወሬ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ያለፉት በጩኸት ሳይሆን ራሳቸውን ሸፍነው ነው። ፍርሃትና ማስተንተን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈሪው የድንጋዩን ድምፅ ይሰማል፤ አስተንታኙ ደግሞ የራሱን ልብ ያዳምጣል።

ከመተላለፊያው ወዲያ ሜዳው ይከፈታል። ቀላ ያሉ ቋጥኞች ከአሸዋው መካከል እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለው ቆመዋል። ፊታቸው ተጠርቦ በር፣ ምሰሶና ደረጃ የመሰለ ቅርጽ ወጥቶላቸዋል። ኢብኑ በጡጣ የጥርቡ ሥራ ትናንት ያለቀ እንደሚመስል፣ በውስጣቸውም የበሰበሰ አጥንት እንዳለ፣ በዚያም ትምህርት እንዳለበት ጽፏል።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች ዛሬ የሚጠይቁትን ጥያቄ ማንሳት አለብን። ኢንተርኔት ላይ «እነዚህ የሠሙድ ቤቶች አይደሉም፤ የሌላ ሕዝብ መቃብሮች ናቸው፤ ስለዚህ የቁርኣኑ ታሪክ ትክክል አይደለም» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙናል። አንዳንዱ ወጣት ይደነግጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ የታሪክ ጥናትን በጅምላ «ውሸት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም አያስፈልግም።

እውነታው እንዲህ ነው። ዛሬ በአል-ሒጅር ቆመው የምናያቸው 111 ትልልቅ መቃብሮች ናቸው፤ 94ቱ ፊታቸው በቅርጽ ያጌጠ ነው። ይህን የምናውቀው በግምት አይደለም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው በራቸው ላይ ጽፈውታል። ጽሑፉ የነበጦች (አንባጥ) ጽሑፍ ነው። ነበጦች ዋና ከተማቸው በዛሬዋ ዮርዳኖስ ያለችው ፔትራ የነበረች የዐረብ ነጋዴዎች ሕዝብ ናቸው፤ ሒጅርን «ሔግራ» ይሏታል። ብዙዎቹ መቃብሮች ከ9 ዓመት ቅድመ ልደት እስከ 40 እ.ኤ.አ. በነገሠው በንጉሣቸው በሐሪሣ አራተኛ ዘመን የተጻፈ ቀን አላቸው። እንግዲህ ኢብኑ በጡጣ ያየው አጥንት እውነተኛ አጥንት ነው። የመቃብር አጥንት ነው።

ታዲያ ሠሙዶችስ? የሠሙድ ስም ከነበጦች መቃብር በብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ይገኛል። የአሦር ንጉሥ ሳርጎን ሁለተኛ በ715 ዓመት ቅድመ ልደት ድል አደረግኋቸው ካላቸው የዐረብ ጎሳዎች መካከል ሠሙዶችን በስም ጠቅሷል። ቁርኣን ሠሙዶች የኖሩበትን ዓመት አልነገረንም፤ ዛሬ ቆመው የሚታዩት ያጌጡ በሮች የእነርሱ ናቸውም አላለንም። በዚያ አገር ተራራ ጠርበው ቤት የሠሩና የጠፉ ሕዝቦች እንደነበሩ ግን ነግሮናል። በሱረቱ ኢብራሂም ደግሞ ነፍሳቸውን በበደሉ ሰዎች መኖሪያ ውስጥ ገብተው የኖሩ፣ በቀደሙት ላይ የደረሰውንም እያወቁ ያልተማሩ ሰዎች ይወቀሳሉ። ጥፋት በደረሰበት አገር ላይ በኋላ ሌላ ሕዝብ መጥቶ መስፈሩ እንግዳ ነገር አይደለም። የድሮ ተጓዦችና አንዳንድ ጸሐፊዎች የሚያዩትን በር ሁሉ የሠሙድ ቤት ነው ብለው ገምተው ይሆናል። የእነርሱ ግምት የእነርሱ ነው፤ ቁርኣን ላይ የሚጫን አይደለም።

◾ ድንጋይ ላይ የቀሩ ስሞች

የነበጦቹ ጽሑፎች በራሳቸው ትምህርት አላቸው። አብዛኞቹ የርስት ውል ይመስላሉ፤ መቃብሩ የማን እንደሆነ፣ ማን ሊቀበርበት እንደሚፈቀድ ይዘረዝራሉ። ባለቤቶቹ ወንዶችም ሴቶችም ናቸው። ያለ መብቱ የሚቀበርበት ወይም መቃብሩን የሚሸጥ ሰው ቅጣት እንዲከፍል ይደነግጋሉ፤ ጣዖቶቻቸውንም በእርግማን ይጠራሉ። ከሚጠሯቸው አንዷ መናት ናት፤ በሱረቱ-ን-ነጅም የምናውቃት ያችው መናት። ጠባቂ ብለው የጠሯት አልጠበቀቻቸውም። መቃብሮቹ ከተከፈቱ ዘመናት አልፈዋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ብቻውን በሜዳው ላይ የቆመው ቋጥኝ ነው፤ ዐረቦች «ቀስሩል ፈሪድ»፣ ብቸኛው ቤተ መንግሥት ይሉታል። ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል። በላዩ የባለቤቱ ስም፣ ሊሕያን የኩዛ ልጅ ተብሎ ተጽፏል። ሥራው ግን አላለቀም። ጠራቢዎቹ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ስለሚወርዱ የላዩ ተስተካክሎ ታችኛው ክፍል ሻካራ እንደሆነ ቀርቷል። ስሙን አስጻፈ፤ ቤቱ ግን አላለቀለትም።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። በ267 እ.ኤ.አ. እዚያው ሒጅር ውስጥ ረቃሽ የምትባል የዐብድ መናት ልጅ አረፈች። መቃብሯ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ በነበጦች ፊደል ቢሆንም ቋንቋው በአብዛኛው ዐረብኛ ነው። ከታወቁት የዐረብኛ ጽሑፎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ዛሬ ቁርኣን የምናነብበት የዐረብኛ ፊደል ከዚህ ከነበጦች ፊደል እየተለወጠ እንደመጣ አብዛኞቹ የፊደል ታሪክ አጥኚዎች ይስማማሉ። ሱብሓነላህ! ለመቃብር እርግማን ሲጻፍበት የነበረ ፊደል ዘመን አልፎ የአላህ ቃል የሚጻፍበት ሆነ። ሕንፃው ባዶ ቀረ፤ ፊደሉ ግን የተሻለ አደራ ተሸከመ።

◾ የዙሀይር ድንጋይ

በዚሁ አካባቢ፣ ሒጅርን ከጥንቷ የቁርሕ ከተማ ጋር ያገናኝ በነበረው የንግድና የሐጅ መንገድ ላይ፣ አንድ ቋጥኝ አለ። አንድ መንገደኛ ቆም ብሎ በአላህ ስም ጀምሮ አጭር ነገር ቀረጸበት። ስሙ ዙሀይር እንደሆነ፣ ይህንንም የጻፈው ዑመር በሞቱበት ጊዜ፣ በ24ኛው ዓመት እንደሆነ ይናገራል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የተወጉት በ23ኛው ዓመተ ሒጅራ በዙልሒጃ መጨረሻ ነው፤ 24ኛው ዓመት በሙሐረም የሚጀምረው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ይህ 644 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው።

ይህ ጽሑፍ ቀን ከተጻፈባቸው እስላማዊ ጽሑፎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። በአንዳንድ ፊደሎቹ ላይ ነጥብ አለ። ይህም የዐረብኛ ፊደል ነጥብ ብዙዎች ከሚያስቡት ቀድሞ በሥራ ላይ እንደነበረ ያሳያል። ዩኔስኮ በ2003 እ.ኤ.አ. በዓለም የማስታወሻ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ዙሀይር ማን ነበር? ጽሑፉ ሌላ ነገር አይነግረንም። ቤተ መንግሥት የለውም፤ ምሰሶም የለውም። ነገር ግን አንድ ምሽግ የሚያህል ቋጥኝ አስጠርቦ ስሙን ካስጻፈው ከሊሕያን ጋር እናወዳድረው። ሊሕያን ስለ ራሱ ንብረት ጻፈ። ዙሀይር ደግሞ ስለ አንድ ፍትሐዊ መሪ ሞት ጻፈ፤ የመሪውን ሞት እንደ ቀን መቁጠሪያ ተጠቀመበት። ሁለቱም ስማቸው ቀርቷል፤ ስማቸው የተያያዘበት ነገር ግን አንድ አይደለም።

◾ አል-ዑላ፦ ቀኑ የሚያልቅበት

ከአል-ሒጅር አል-ዑላ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ኢብኑ በጡጣ የግማሽ ቀን መንገድ ወይም ከዚያ ያነሰ ይለዋል። ተራሮቹ እየተጠጉ ሸለቆው ይጠብባል፤ ከዚያ የተምር ዛፎች ይታያሉ። ተጠምቶ ጉድጓድ አልፎ ለመጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። አል-ዑላ የሚፈስ ውሃና የተምር እርሻ ያላት ትልቅና ያማረች መንደር ነበረች። ሑጃጆች እዚያ አራት ሌሊት ይቆያሉ። ስንቅ ይሸምታሉ፤ ልብሳቸውን ያጥባሉ። የሻም ክርስቲያን ነጋዴዎችም እስከዚያች መንደር መጥተው ለሑጃጆች ዕቃ ይሸጡ ነበር፤ ከዚያ ግን አያልፉም።

ኢብኑ በጡጣ አንድ ተጨማሪ ነገር ይነግረናል፤ ለእኔ የዚያች ቀን ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሑጃጆቹ ከስንቃቸው የተረፈውን በአል-ዑላ ሰዎች ዘንድ አስቀምጠው፣ የሚበቃቸውን ብቻ ይዘው ወደ መዲና ይቀጥላሉ። ለምን ቢባል፣ የዚያች መንደር ሰዎች አማና ያላቸው ናቸውና።

ጠዋት ያለፍንበትንና ማታ የደረስንበትን እናስተያይ። ጠዋት፣ ተራራ የጠረቡ፣ ውሃና ተምር የሞላላቸው፣ ነገር ግን የአንዲት ግመል አደራ መጠበቅ ያቃታቸው ሕዝቦች አገር። ማታ፣ የማያውቁት መንገደኛ ዕቃውን አስቀምጦባቸው የሚሄድ የገበሬዎች መንደር። በመካከላቸው 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ሙቀቱ አንድ ነው፤ ተምሩም አንድ ነው። የተለያየው አማናው ነው።

በአል-ዑላ አጠገብም የሌላ የጥንት ከተማ ፍራሽ አለ፤ ደዳን ይባላል፤ የሊሕያን መንግሥት ከተማ ነበር። ከየመን የመጡ የመዒን ነጋዴዎችም እዚያ ሰፍረው በሙስነድ ፊደል የተጻፉ ጽሑፎችን ትተዋል። የእኛ የግዕዝ ፊደል የወጣውም ከዚሁ ከደቡብ ዐረብ ፊደል ነው። አማርኛ የሚያነብ ሰው ደዳን ላይ ቢቆም «በ»ንና «ገ»ን የመሳሰሉ ቅርጾችን ከድንጋዩ ላይ ሊለይ ይችላል። በዚህ በረሃ ስንት ሕዝብ እንዳለፈ፣ እኛም ከዚያ ታሪክ ያን ያህል ሩቅ እንዳልሆንን ከዚህ እናያለን።

◾ መንገዱ ሲለወጥ

መንገዱ ከኢብኑ በጡጣ በኋላም ለ600 ዓመት ያህል ሠርቷል። በኦስማኖች ዘመን በየማረፊያው የውሃ ጉድጓድ የሚጠብቁ ምሽጎች ተሠሩ፤ በሒጅርም አንድ ምሽግ አለ። በ1876 እ.ኤ.አ. ከደማስቆ ከቅፍለቱ ጋር የወጣው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳውቲ ስድስት ሺህ ያህል ሰውና አሥር ሺህ ያህል እንስሳ እንደነበር ጽፏል። እርሱ ሒጅር ላይ ቀርቶ በምሽጉ እያደረ የነበጦቹን ጽሑፎች ገለበጠ። የዘመኑ ጥናት በሰፊው የተጀመረው ከእርሱ ሥራ ወዲህ ነው።

ከዚያ የሒጃዝ ባቡር መጣ። በ1900 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1908 መዲና ደረሰ። ከብዙ አገር የመጣ የሙስሊሞች መዋጮ ያለበት ሥራ ነው። የ40 ቀኑን መንገድ ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠረው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ሐዲዱ ተቆራረጠ። ጣቢያው ዛሬም በሒጅር ቆሟል። ከዚያ መኪና፣ ቀጥሎም አውሮፕላን መጣ። ዛሬ ለሐጅ የሚሄድ ሰው ከሰማይ ወርዶ ጂዳ ወይም መዲና ያርፋል። ምቾቱ የአላህ ኒዕማ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ያቺ የአንድ ቀን ትምህርት ግን በመንገዳችን ላይ የለችም። ፈልገን ካላነበብናት አናገኛትም።

ሒጅር በ2008 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዘገበች፤ ከሳዑዲ ዐረቢያ የመጀመሪያዋ ናት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቦታው ለጎብኚዎች በሰፊው ተከፍቷል፤ ፎቶውንም በስልካችን በየቀኑ እናያለን። መጎብኘት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ ዑለማዎች ሐሳብ ሰጥተውበታል፤ ፈትዋ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የምታምኗቸውን ዑለማዎች ጠይቁ። ነገር ግን ሐዲሡ በአንድ ነገር ላይ ግልጽ ነው፤ ያ ስፍራ ልብ ተዘግቶ፣ እየሳቁ የሚገባበት አይደለም።

◾ ለእኛስ?

ብዙዎቻችን ሒጅርን አናይም ይሆናል። የሒጅር ፈተና ግን በየሰፈራችን አለ። ሠሙዶች የወደቁት በውሃ ተራ ነው። በሰፈራችን ቦኖ ላይ ተራ የሚጥሰው፣ የጋራ ጉድጓድ ለብቻው የሚይዘው፣ «እኔ ካገኘሁ ሌላው ምን አገባኝ» የሚለው ልብ ከዚያ በሽታ ሩቅ አይደለም። ግመሏን የወጋው አንድ ሰው ነበር፤ ጥፋቱ ግን የወደዱትንና የላኩትን ሁሉ ያዘ። በጓደኞቻችን መካከል አንዱ ሲበድል እያየን ስንስቅ፣ ወይም «በርታ» ስንለው፣ እጃችን ንጹሕ ነው ብለን አንታለል።

በሌላ በኩል የአል-ዑላ ሰዎች አሉ። ስማቸው አልተነገረንም። አንድ የ22 ዓመት መንገደኛ ግን አማናቸውን አይቶ በመጽሐፉ ውስጥ አኖረው፤ ይኸው ከ700 ዓመት በኋላ እኛ እናወራላቸዋለን። ሱቅ ያለህ ወንድሜ፣ የሰው ገንዘብ በእጅሽ ያለ እህቴ፣ ጓደኛው ምስጢር የነገረህ ወጣት፣ የሚቀርልን ይህ ነው።

እነዚያ የተጠሙ ሑጃጆች ጉድጓዱን ዝም ብለው ሲያልፉ ለልጆቻቸው አንድ ነገር አስተምረዋል። በእጅ ያለ ነገር ሁሉ አይወሰድም። አንዳንድ ውሃ እያዩት የሚታለፍ ነው፤ ጥማቱንም ተሸክሞ ትንሽ መሄድ ያስፈልጋል። አል-ዑላ ከዚያ ወዲያ ግማሽ ቀን ብቻ ናት።

አላህ (ሱ.ወ) ከቀደሙት ታሪክ ከሚማሩት፣ አማናን ከሚጠብቁት፣ ከበደለኛም ጋር በልባቸው ከማይተባበሩት ያድርገን። ሐጅንም በሐላል ገንዘብ፣ በጤናና በኢኽላስ ይወፍቀን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።